ነገ እንጨርሳታለን

ባለፈው ሐሙስ ነው። ለሚ ኩራ ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። የልጄ ልጅ ኢክራም ከጎኔ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች። ሥራዋ የሚንቀሳቀስ ስዕል ነው፤ እነሱ አኒሜሽን ይሉታል። ውጭ ያ የማያልቅ ግንባታ ይንኳኳል፤ አቧራው ምስሬ ላይ ያርፋል። ስልክ ጠራ። አነሳችና፣

«አሮጊቷ? አይ፣ ዛሬ አትደርስም። ጥላዋ ብቻ ነው የቀረው። ነገ እንጨርሳታለን» አለች።

ምስሩ ከነሰፌዱ ከጉልበቴ ወረደ።

«እማ! ምን ሆንሽ?»

«የትኛዋን አሮጊት ነው የምትጨርሱት?» አልኳት።

መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። ኋላ የተበተነውን ምስር አየችና ሳቋን ዋጠችው። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። አንዲት ዘንቢል ያንጠለጠለች አሮጊት እየተንገዳገደች ትሄዳለች። ለሳሙና ማስታወቂያ ናት አለችኝ። እግሯ ሥር ጥላ የላትም፤ እሱን ነው ነገ የሚሠሩት። ነገሩ ይኸው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የዛሬው አልነበረም። ይሄንኑ ቃል፣ አንድም ሳይጎድል፣ ድሮ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ለኢክራም አወራሁላትና «ይሄማ መጻፍ አለበት» አለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ ትጻፍ፣ እኔ ላውራ ብዬ ነው።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈልኝ የለም። ከወሎ፣ ከከሚሴ ወዲያ ካለ መንደር ከመጣሁ ሁለት ክረምት አልፎኛል። አክስቴ ፋጡማ ቦሌ ሚካኤል የጭቃ ቤት ተከራይታ ቅመም ትነግዳለች። እኔ አሁን ኦሎምፒያ በሚሉት ሰፈር፣ ጋሽ ተድላ የሚባሉ ሰው ቤት ተመላላሽ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ።

የዛሬ ሰው ቢነግሩት አያምንም እንጂ መንገዱ ሜዳ ነበር። ነሐሴ ላይ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጭቃውን እያቦካሁ ነው የምሄደው። የእርጥብ ሣር ሽታ፣ የከብት ሽታ አለ። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ያ ነገር እያጓራ ሲወርድ ጥላው ቀድሞ ይመጣል፤ በሣሩ ላይ እየተሳበ መጥቶ አልብሶኝ ያልፋል። ባለፈብኝ ቁጥር «ቢስሚላሂ» እላለሁ። ጥላ ነገር ከድሮም አልወድም።

ጋሽ ተድላ ደግ ሰው ነበሩ፤ ይሄን ጻፊው። የገጠሩን ሰው በፊልም ለሚያስተምር መሥሪያ ቤት ስዕል ይስላሉ። ኋላ ያለችው ክፍል የሥራቸው ናት። ከሥሩ አምፖል የሚበራበት የመስታወት ጠረጴዛ አለ። ስስ ወረቀት በወረቀት ላይ ደርበው ሲስሉ የታችኛው ስዕል ከላይኛው ዘልቆ ይታያል። ወለሉን ልጠርግ ስገባ ያ ከታች የሚመጣ ብርሃን ፊታቸውን ሌላ ሰው ያደርግብኛል፤ ቶሎ ጠርጌ እወጣለሁ።

አንድ ቀን የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘው ጠሩኝ። ዙሪያውን ቀጫጭን አድርገው ሸንሽነውታል። ውስጡ ወረቀት አዙረው አሥራ ሁለት ፈረስ ስለዋል፤ አንዱ እግሩን ያነሳ፣ አንዱ የዘረጋ።

«ነይ ዘሀራ፣ በቀዳዳው እዪ» አሉና አሽከረከሩት።

ፈረሱ ጋለበ። አሥራ ሁለቱ አንድ ሆኖ ጋለበ! ወደ ኋላ ስሸሽ ከመጥረጊያዬ ጋር ተጠላልፌ ወደቅሁ።

«አይዞሽ! ፈረንጆች ሲኒማ ሳይመጣ በፊት በዚህ ነበር የሚጫወቱት። ፈረሱ የትም አልሄደም። ዓይን ያየውን ነገር ቶሎ አይለቅም፤ አንዱን ሳይለቅ ሌላው ይደርስበታል። የምታስጋልቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

እኔ! ፈረስ የማስጋልብ! አባቴ መንደራችን ውስጥ ቁርአን የሚያስቀራ ሰው ነበር። ነፍስ ያለው ነገር የሳለ ሰው በፍርዱ ቀን፣ በቂያማ፣ «በል ነፍስ ዝራበት» ይባላል፣ አይችልም፣ ይቀጣል ይለን ነበር። ታዲያ እኚህ ሰውዬ ቂያማ ሳይመጣ ዘሩበት እኮ። ለማን ይነገራል? አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ውሃ ቀድታ፣ አፍልታ ለልጆቿ የምታጠጣ ሴት ፊልም ሊሠሩ ነው፤ በገጠር ልጅ በውሃ በሽታ እያለቀ ስለነበር። እንስራ አሸክመው ከግቢው በር እስከ ምድጃው ያስኬዱኛል። «ሂጂ። ቁሚ። እግርሽን አንሺ፤ እንደዚያው ቆዪ» ይሉኛል፤ ይስላሉ። አንዴ እንስራውን ባዶውን ይዤ ብመጣ፣

«አይሆንም። ወገብሽ ዋሸ» አሉኝ። «ባዶ መሆኑ ያስታውቃል። ሞልተሽ ነይ።»

ሞልቼ ስመጣ ትከሻዬ እንዴት እንደሚወርድ፣ እርምጃዬ እንዴት እንደሚዘገይ ሳይቀር ሳሉት። መጀመሪያ እግር ሲነሳና ሲያርፍ ይስላሉ፤ ከዚያ መሃል መሃሉን ይሞላሉ። ለአንድ እርምጃ ያ ሁሉ ወረቀት! በየወረቀቱ እኔ አለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰውነቴ እየቀለለ የሄደ ይመስለኛል፤ ከላዬ ላይ የሚቀነስ ነገር እንዳለ።

አንድ ከሰዓት ሻይ ይዤ ስገባ በስልክ ያወራሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«ዘሀራ? ነፍስ ዘርታለች! ጥላዋ ብቻ ነው የቀረው። ነገ እንጨርሳታለን።»

ሻዩን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አመሻሽ ላይ አክስቴ ቤት ስደርስ ቅቅል በቆሎ እየፈለፈለች ነበር። ነገርኳት። በቆሎው እጇ ላይ ቀረ።

«ስንት ጊዜ ነው የሳለሽ?»

«እኔ እንጃ። ብዙ።»

«ፎቶ እንኳ አንዴ ነው የሚነሱት። አንቺ ጅል! ጥላሽንስ?»

«ጥላው ቀርቷል ሲሉ ሰማሁ።»

«ያ ረቢ!» አለች። ጥላ ወጊ ምን እንደሆነ ወሎ ያደገ ይነገረዋል እንዴ? ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያወራ ጥላውን በመርፌ የሚወጋው ነው፤ ሰውየው እቤቱ ገብቶ ጎኔን እንዳለ ያድራል፣ አይነሳም። «ገላሽን ወስዷል፣ ነፍስሽን ዘርቶበታል» አለች አክስቴ በጣቷ እየቆጠረች። «ጥላሽን ካገኘ ምን ቀረሽ? ነገ በጠዋት ሂጂና ወረቀቱን ይዘሽ ነይ።»

በጠዋት ሄድኩ። ጋሽ ተድላ ቁርስ ላይ ናቸው፤ ማንኪያቸው ሲንኳኳ ይሰማኛል። ኋላ ክፍል ገባሁ። መብራቱ በርቷል። ከበሩ እስከ ምድጃው የሄድኩበት ስዕል ከላይ ተቆልሏል። እጄ የያዘውን ያህል አነሳሁና ቀሚሴ ውስጥ፣ ከሆዴ ላይ ለጥፌ ወጣሁ።

ሜዳው መሃል ስደርስ ዝናቡ ወረደ። እሮጣለሁ፤ ወረቀቱ ሆዴ ላይ ይንሿሿል፤ የሚራመዱት እነሱ ይመስለኛል። ከኋላዬ ያ የሚያጓራ ነገር መጣ። ዞሬ አላየሁም። አውሮፕላኑ አናቴ ላይ አለፈ፣ ግን ደመና ስለሆነ ጥላ የለውም። እግሬ ሥር አየሁ። እኔም የለኝም! ደመና መሆኑን ማን ያስብ? ወሰዱት፣ አለቀልኝ ብዬ እየጮህኩ ከሜዳው ጫፍ ያለው ወንዝ ዳር ደረስኩና ወረቀቱን አውጥቼ ወረወርኩት።

ጎርፉ ተቀበለው። ወረቀቶቹ ተከታትለው ተዘረጉና አንዱ ሲሰጥም አንዱ ብቅ ሲል፣ እንስራ የተሸከመችው ልጅ በውሃው ላይ እየተራመደች ከእኔ ራቀች። አይኔን ጨፈንኩ። እስከ ዛሬ ስጨፍን አያታለሁ።

አክስቴ ግን ዘዴኛ ናት። «አሁን ካልተመለስሽ ሌባ ትባያለሽ። ልብስሽን ቀይሪና ሂጂ» አለችኝ። ቀሚሴን ሳወልቅ አንዲት ወረቀት ሆዴ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ሳላቅቃት ቀለሙ ገላዬ ላይ ታትሟል። የራሴ እግር፣ በራሴ ሆድ ላይ። መጣሉንም ማቃጠሉንም ፈራንና ሳጥኔ ውስጥ ደበቅናት።

ስመለስ ጋሽ ተድላ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከው ይፈልጋሉ።

«ዘሀራ፣ ወረቀት አላየሽም?»

አላየሁም ልል ነበር። ግን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ጋሼ፣ በአላህ፣ አይጨርሱኝ! እናት አለችኝ!» እያልኩ ሁሉንም ለፈለፍኩት። ስልኩን፣ ጥላውን፣ ወንዙን።

ይመቱኛል ብዬ እጄን ፊቴ ላይ አደረግሁ። አልመቱኝም። አልሳቁምም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሦስት ሳምንት ስዬሽ ምን እንደምሠራ አንድ ቀን ተቀምጬ አልነገርኩሽም» አሉ። «እንጨርሳታለን ያልኩት ስዕሏን ነው እኮ፣ ልጄ።»

ፊልሙ በማግስቱ ለእጥበት ሄዶ በሳምንቱ ወደ ወሎ መጫን ነበረበት። የጠፋውን እንደገና መሳያ ጊዜ የለም። «ያለውን ይዘን እንሂድ» አሉና ከላይ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ ሥር ወረቀቱን አንድ በአንድ እኔው ራሴ እንድደረድር አደረጉኝ። አስቀምጣለሁ፤ ጠቅ። አነሳለሁ፤ ጠቅ። ሲመሽ ፍርሃቴ ትንሽ ረገበ። ወረቀት ብቻ ነው፤ ሲዳሰስ ወረቀት ነው።

«ጥላውስ?» አልኳቸው በመጨረሻ፣ ቀስ ብዬ።

አዩኝ። «ጥላሽን አልነካውም። ላንቺ ይሁን» አሉኝ። እኔን ብለው ተዉት። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ምን እንዳስደረግኳቸው መች አወቅሁ።

መስከረም ሲጠባ የአክስቴ ልጅ ከአገር መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣

«ባገራችን ጂን በአንሶላ ላይ አሳዩን!» አለ።

«ምን ዓይነት ጂን?»

«ሴት ናታ! እንስራ ተሸክማ ከበሩ ትነሳለች፣ ድንገት ምድጃው ጋ ዱብ! መሃሉን አልሄደችውም። ደግሞ ጥላ የላትም። እነሱ ሊያፌዙብን ነው፤ እኛ ጥላ የሌለው ምን እንደሆነ አናውቅም? ሰው ልጁን እያንጠለጠለ ሸሸ።»

«ውሃ ስታፈላስ?» አልኩት።

«የምን ውሃ? ማን ቆሞ አየ?» አለና ፊቴን አተኩሮ አየኝ። «እንዴየ! አንቺን ነው እኮ የምትመስለው» ብሎ ወንበሩን ትንሽ ከእኔ ራቅ አደረገ።

አክስቴና እኔ ተያየን። እሷ በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ጥላዬን አድናለሁ ብዬ፣ የገዛ መንደሬን ሰው አስበርግጌ ነው። በዚያ ዓመት በእኛ ቀበሌ ልጅ ሲሞት በሰማሁ ቁጥር፣ ያቺ ልጅ ደህና ብትራመድ ኖሮ፣ ከእግሯ ሥር ጥላ ቢኖራት ኖሮ፣ እናቱ ቆማ ውሃው ሲፈላ ባየች ነበር እላለሁ። ለጋሽ ተድላም ሳልነግራቸው ቀረሁ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ አገር አዛወራቸው፤ ስንሰነባበት ያቺን የወተት ጣሳ ሰጡኝ። ዝገት በላትና ጣልኳት።

ይሄው ነው። በልጅነቴ የፈራሁት ሰው ይወስደኛል ብዬ ነበር። ስንት ሌላ ነገር ፈርቼ ኖርኩ፤ ብዙው ከንቱ ሆኖ ቀረ። ያልፈላው ውሃ ግን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ያን ጊዜ እሱን አልፈራሁትማ።

ኢክራም አኒሜሽን ማለት በፈረንጅ አፍ ነፍስ መስጠት ነው ትለኛለች። የአባቴ ቃል እንዳለ ሆኖ፣ በእሷ ሥራ አልፈርድም። ትላንት ታሪኩን ጨርሰን፣ ሳጥኔን ከፍቼ ያቺን ሆዴ ላይ የቀረችውን ወረቀት አወጣሁላት። ጥግ ጥጓ ቢጫ ሆኗል። እንስራዋ ሙሉ ነው፤ ቀኝ እግሯ እንደተነሳ ነው።

ኢክራም ብዙ አየቻት። «እማ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት በአንድ እግሯ ቆማለች እኮ» አለችኝ። «እግሯን ላሳርፍላት? ምድጃው ድረስ ላድርሳት?»

«አድርሻት።»

ኮምፒውተሯን ከፈተች። ወረቀቷን ፎቶ አነሳችልኝና መስመሯን እየተከተለች መሳል ጀመረች። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ደርሳለች፤ የእኔም የእሷም ጥላ እዚያው ግድግዳው ላይ ተቀምጧል። ጥቂት ቆይታ ቀና አለች።

«ጥላስ? ላድርግላት?»

 ሰፌዱን ስቤ ምስሬን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጥኩ።

«አድርጊላት» አልኳት። «ብቻ በስልክ ነገ እንጨርሳታለን አትበይ።»