የሌላ መኪና ክዳን

ክዳኑ የተሰነጠቀው ባለቤቴ የታመመ ቀን ነው። ፒካፑን ከማንጎው ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የሞተሩን ቫልቮች አስተካክሎ ጨርሶ ነበር። የቀረው ከላይ የሚደፋውን የአሉሚኒየም ክዳን መልሶ ማሰር ብቻ ነው። እኔ ሱቃችን ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ በበሩ አየዋለሁ። ክዳኑን በቀኝ እጁ አንስቶ ቆመ። ቆመና እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከተው። ክዳኑ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ እሱም ተከትሎ ወደቀ።

ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ አይሠራም፣ ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ ምላሱም ከብዶታል። ሐኪሞቹ "ይንቀሳቀስ፣ ከተንቀሳቀሰ ይሻለዋል" ብለውኝ ነበር። እሱ ግን አልጋው ላይ ወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ በጭቃውም በአቧራውም ፑኝዶና አቦቦ ድረስ መኪና ይዞ ሲመላለስ የኖረ፣ የቆመ መኪና ባየ ቁጥር ወርዶ ካልገፋሁ የሚል ሰው፣ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ካልለመንኩት አይነሳም። እኔም የተከፈተውን ሞተር በላስቲክና በብርድ ልብስ ሸፍኜ በገመድ ጠፈርኩት። ጎረቤቶቼ "ደግሞ መኪናውንም ታስታምሚያለሽ?" እያሉ ቀለዱብኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ። ዶሮዎቼ ሞተሩ ላይ ማደር ሲጀምሩ ግን አለቀስኩ።

ትልቁ ልጃችን ከጅማ መጣ። ደግ ልጅ ነው፤ ደግነቱ ግን ችኩል ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል አዘጋጅቶልናል፣ ለሱቁ ተከራይ አግኝቷል፣ ፒካፑንም አፍርሶ ለመለዋወጫ የሚሸጥ ሰው አነጋግሯል። ሰውየው ከጁምዓ ሰላት በኋላ መኪናውን ጎትቶ ሊወስድ፣ እኛም በማግስቱ ልንሳፈር ተወስኗል። የወሰነው እሱ ነው።

"እማ፣ እዚያ ትጦራላችሁ። ምን ይጎድላችኋል?" አለኝ።

ምን እንደሚጎድለን አውቃለሁ። ባሌ እዚህ የታመመ ሾፌር ነው፤ ጅማ ሲገባ በሽተኛ ብቻ ይሆናል። የልጅ ልጆቹ "አያታችን የተኛበት ክፍል" የሚሉት ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም አይወጣም። ይህን ለልጄ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ያባብለኝ ነበር፣ መባበል ደግሞ አልፈለግሁም።

"ጁምዓ ሳይደርስ ይህ መኪና ከተነሳ አንሄድም" አልኩት።

ሳቀ። "ይነሳ እንበል፤ ማን ሊነዳው ነው?"

"እሱን ለእኔ ተወው" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ምንም የማውቀው ነገር አልነበረም። እንደተጋባን ሰሞን ባሌ ወደ አልዌሮ ግድብ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ መንዳት ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። መሪው አልከበደኝም፣ ፍሬኑንም አልፈራሁትም። ማርሽ መቀየር ላይ ግን እጄና እግሬ አይስማሙም፤ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ማርሹን ስፈልግ መንገዱን እስታለሁ። ማርሹ ሲንቋቋ ባሌ የገዛ ጥርሱ የተፋቀ ያህል ጮኸብኝ። መኪናውን መንገዱ ላይ ገትሬለት ወረድኩና በእግሬ ወደ ቤት አቀናሁ። የመንዳት ትምህርቴ በዚያው አበቃ።

የእኛን ፒካፕ ዓይነት ክዳን ከተማው ውስጥ አጣሁ። የተሰነጠቀውን ይዤ ብየዳ ቤት ብዞር፣ አሉሚኒየም አንበይድም አሉኝ። በመጨረሻ አሮጌ ብረት የሚገዛና የሚሸጥ አንድ የአኙዋ ሰው፣ የባሌ የቆየ ወዳጅ፣ ከተገለበጠ ሚኒባስ ላይ የፈታውን ክዳን ከብረት ክምር ሥር አወጣልኝ።

"እናቴ፣ ኢንጂን አንድ ነው" አለኝ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠ። "ቡሎን ቦታ፣ አንድ ነው። ግን መኪና ሌላ ነው። ዘይት የሚገባበት፣ የእናንተ ኋላ፣ ይሄ ፊት ነው። መተንፈሻም በሌላ ጎን ነው። ይገባል። ግን ዝም ብሎ አይገባም። ባልሽን ጠይቂ።"

"ባሌ አይናገርም።"

"ይናገራል" አለኝ። "ሥራ ሲበላሽ ካየ ይናገራል።"

ክዳኑን ወስጄ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩለት። አየውና ዓይኑን ጨፈነ። "ተዪው" አለ፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል ለማውጣት ብዙ ይለፋ ነበር። ንዴት ያዘኝ። "ገላህን አጥቤያለሁ፣ አጉርሼሃለሁ፤ ተዪው ስትለኝ ግን አልሰማህም" ብዬው ወጣሁ።

ዙህር ሰግጄ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ዶሮዎቹን አባርሬ፣ ብርድ ልብሱን ፈትቼ፣ የሞተሩን ጠርዝ ናፍታ ባስነካሁት ጨርቅ ወለወልኩ። በብረቱና በክዳኑ መካከል የሚገባውን የጎማ ጓርኒሲዮን አስተካክዬ ክዳኑን ደፋሁት። እውነትም ቡሎኖቹ ሁሉ ቀዳዳቸውን አገኙ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው ብዬ መፍቻውን አነሳሁ። እኔ ነገር ሳጠብቅ ለክፉም ለደጉም ብዬ ነው የማጠብቀው፤ ጀሪካን ዘይት የገዙኝ ደንበኞች ክዳኑ አልከፈት ብሏቸው ይመለሳሉ። ጥግ ላይ ያለውን ቡሎን ባለኝ ጉልበት ጠመዘዝኩት። ሲጥ አለ። ልጨምርለት ስል ከቤት ውስጥ ድምፅ መጣ።

"በቃ! በቃ፣ ትሰብሪዋለሽ!"

ከታመመ ወዲህ እንዲህ አከታትሎ ሲናገር አልሰማሁም ነበር። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል፤ በግራ እጁ መቃኑን ይዟል፣ ሽርጡ ሊወልቅ ደርሷል። ልጄ ሊደግፈው ሮጠ። እኔ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ካባበልነው ተመልሶ እንደሚተኛ አውቃለሁ።

"እንግዲያው ና እዚህ ሆነህ ንገረኝ" አልኩት። "ተኝቶ ማዘዝ የለም።"

እግሩን እየጎተተ መጣ። ከሱቅ በርጩማ አውጥተን ከሞተሩ ጎን አስቀመጥነው። "ፍቺ" አለኝ፤ ፈታሁ። ክዳኑን ጭኑ ላይ አስገልብጦ ውስጡን በግራ እጁ ዳበሰ። ዘይት ወደ መተንፈሻው እንዳይረጭ የምትከለክል ስስ ቆርቆሮ ውስጡ ተያይዛለች። እሷ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። አስቦ አስቦ ወደ እኔ ዞረ።

"ሊጥ አምጪ" አለኝ።

"ምን አልክ፣ አባ?" አለ ልጄ።

"ሊጥ። የዳቦ ሊጥ።"

ልጄ ክንዴን ይዞ ወደ ሱቁ ሳበኝ። "እማ፣ ሰማሽው አይደል? ሕመሙ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል። ጁምዓንም አንጠብቅ፣ ነገ በጠዋት እንሂድ።"

እኔም ፈራሁ፤ አልዋሽም። ሰው ሞተር እያየ እንዴት ሊጥ ይጠይቃል? ዞር ብዬ ሳየው ግን በርጩማው ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ይመረምራል። መንገድ ላይ እንግዳ ድምፅ ሲሰማ የሚያሳየው ፊት ነው። እዚያ ፊት ላይ ምንም የጎደለ ነገር አላየሁም። ገብቼ ዱቄት አቦካሁ።

"አጥብቂው" አለ ሲነካው። ዱቄት ጨመርኩበት። ከዚያ ሊጡን በትንንሹ እየቆረጥኩ፣ ዘይት እየቀባሁ፣ ቫልቮቹን በሚጫኑት ብረቶች ጀርባ ላይ እንዳስቀምጥ በጣቱ አሳየኝ። ክዳኑን ደፋሁት፤ ቡሎኖቹን በጣቴ ብቻ አሰርኩ። ልጃችንን ከፊት ለፊት በትልቅ መፍቻ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ እንዲያዞር አዘዘው። ልጄ እኔን እያየ፣ ለእብድ እንደሚታዘዝ ሰው እየተጠነቀቀ አዞረ። መልሰን ከፈትነው።

ሊጦቹ ጀርባቸው ትንሽ ከመጠፍጠፉ በቀር ደህና ነበሩ። የመጨረሻው ግን ተጨፍልቆ መሃሉ ተበጥሷል፤ በተበጠሰው በኩል ብረቱ ይታያል።

"እዚህ ይመታል" አለ ባሌ።

ክዳኑ ከላይ ሲታይ ልክ ነበር። ሞተሩን እንዲሁ አስነስተነው ቢሆን ብረቱ ያቺን ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ይበጥሳት፣ ስባሪዋም ወደ ሞተሩ ይገባ ነበር። በሊጥ መለካትን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። "ልጅ ሆኜ፣ ጋራዥ" አለኝ፤ ከዚያ በላይ ለማውራት ጊዜ አልነበረውም። ልጄ የተበጠሰችውን ሊጥ መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አያት። ይቅርታ አልጠየቀም። ሸሚዙን አወለቀና "ቆርቆሮዋን ወዴት ልጠፋት፣ አባ?" አለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የሦስታችንም ሆነ። ቆርቆሮዋን ቀስ እያልን ወደ ውስጥ አጠፍናት፣ እንደገና በሊጥ ለካን፣ እንደገና አጠፍናት። ለመተንፈሻው እኔ የውሃ ጎማ ቆርጬ አመጣሁ፤ ባሌ አሽትቶ ወረወረው። "ዘይት ይበላዋል" አለ። ልጄ ብረት ሻጩ ዘንድ ሄዶ ዘይት የሚችል ጥቁር ጎማ አመጣ። ቡሎኖቹን ስናስር ባሌ መፍቻውን በሁለት ጣት ብቻ አስያዘኝ፤ ለእኔ ይህ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ ኮፈኑ አልዘጋ አለ። የሚኒባሱ ዘይት መሙያ ወደ ፊት ያለና ረጅም ስለሆነ ኮፈኑን ከሥር ይገፋዋል። ልጄ እንብሳው አለ፤ ባሌ ዝናብ ይገባል ብሎ ተቃወመ። ዘነዘናዬን ይዤ መጣሁና ኮፈኑን ከውስጥ በኩል ቀጠቀጥኩት። የልቤንም አወጣሁበት። ከላይ እብጠት ሲወጣለት ተዘጋ። ጎረቤት "መኪናሽ አረገዘች" አለችኝ፤ "ማሻአላህ በይ" አልኳት።

የተነሳው ኀሙስ አስር ሰዓት ገደማ ነው። ከጎረቤት ባትሪ ተውሰን፣ እኔ ሾፌሩ ቦታ ገብቼ ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። አጉረመረመ፣ ተወ፣ እንደገና አጉረመረመ፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ባሌ ግራ መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳርፎ እስኪሞቅ ጠበቀ። ስኳር የምጠቀልልበትን ወረቀት አስመጥቶ ጠርዙን ዙሪያውን አስነካው። ደረቅ ነው፤ እኔ በጉልበቴ ካጠበቅኋት ጥግ በስተቀር። ያቺ ጥግ እስከ ዛሬ ትንሽ ዘይት ታወዛለች፤ ስንጣላ ያነሳብኛል።

ልጄ ወደ መስኮቱ መጣ። "እሺ፣ ተነሳ" አለ። "አሁንስ እማ፣ ማን ሊነዳው ነው?"

አልሳቀም። የእውነቱን ነው የጠየቀው። ያን ሁሉ ስቀጠቅጥ የከረምኩት ይህን ጥያቄ ላለመስማት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ባሌ ከበርጩማው ተነሳ። ኮፈኑን ተደግፎ በፊት በኩል ዞረ። ልጃችን ሊይዘው ሲል በክርኑ ገፋው። የተሳፋሪውን በር ከፈተና ጥቂት ታግሎ ገብቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደተኛ ነው። ግራ እጁ ግን በመካከላችን ባለው ማርሽ ላይ አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ሆኖ ሲቀመጥ ያ እጅ መሪ ላይ ነበር፤ ከዚህኛው ወንበር ማርሹ ለግራ እጁ እንደሚመች እኔ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

"እርገጪ" አለኝ።

ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። ማርሹ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ገባ።

"መንገድ... መንገዱን ብቻ እዪ" አለ። "ይሄን ለእኔ ተዪው።"

"እማ፣ መንጃ ፈቃድ እኮ የለሽም" አለ ልጄ።

"አባትህ አለው" አልኩት።

ልጄ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መኪናውን ሊወስድ ለነበረው ሰው ነገ እንዳይመጣ ነገረውና፣ ሄዶ የግቢውን በር ከፈተልን።