ከክንፉ ሥር ሰው ሲኖር

የነጭ ጋዝ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ ዛሬም እጆቼ ሳላዛቸው ወደ ላይ ሊነሱ ይዳዳቸዋል። ባለፈው ክረምት መገናኛ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ሳለ፣ ጀሪካን የያዘ ሰው መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ የነጭ ጋዙ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ወያላዎቹ መጣራታቸውን፣ መኪኖቹም ጥሩምባቸውን ያቆሙ መስሎኝ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ወደነበረው ወደ ቆርቆሮ በረንዳችን ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ ታደሰ በዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን የነጭ ጋዝ ምድጃ ሁሉ ይጠግን ነበር፤ መንግሥት ከመለወጡ በፊት ግን ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ፣ በተዋጊ ጄቶች ላይ ቦምብና ሚሳይል የሚሰቅል ቴክኒሻን ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ካምፕ ገብቶ፣ ከወራት በኋላ ተለቆ፣ አንድ የመሣሪያ ሳጥንና አንድ ጥቅል ቀይ ሪባን ይዞ እናቴ ወደተከራየችው ቤት መጣ። የጄት ነዳጅና የምድጃ ነጭ ጋዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይል ነበር፤ እውነቱን ይሁን ራሱን ሲያጽናና አላውቅም። ተጠግኖ ያላለቀ ምድጃ ላይ ከዚያ ጥቅል ቁራጭ ቆርጦ ያስር ነበር፣ ሪባኑ ያለበት ምድጃ እንደማይለኮስ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ያውቁ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ብቻ ምድጃቸው ከተሠራም በኋላ ሪባኑን አላወልቅም ብለው፣ ለቤቱ በረከት ነው እያሉ፣ እስኪጠቁር ድረስ አቆዩት።

ክረምት ሲገባ መብራት በየቀኑ ይጠፋ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው አምፖሉ ጭል ጭል ይልና ድርግም ይላል፣ አባዬም ቆጣሪውን አጥፍቶ፣ መሰላሉን አስደግፎ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ ከቆጣሪው ሥር ባለችው በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። ከላይ ሆኖ አንዲት ቃል ብቻ ይላል፤ «እጅ!» ያን ጊዜ ሁለት መዳፎቼን ወደ እሱ አዙሬ ከጆሮዬ በላይ አነሳለሁ፣ ወርዶ «በቃ» እስኪለኝ ድረስም አላወርዳቸውም። ሲደክመኝ አናቴ ላይ ባሳርፋቸው ይፈቅድልኝ ነበር፤ ከዚያ በታች ግን አይታሰብም። እኔ በበኩሌ ቆጣሪውን ልነካው አስቤም አላውቅም፤ ለአባዬ ግን ማሰቤና አለማሰቤ ቁም ነገር አልነበረም፣ እጄን ማየት ነበረበት።

እናቴ ማርታ ለዚህ ሕግ አንድም ቀን አልተገዛችም። ከሶዶ የመጣች፣ በሰፈራችን ጸሎት ቤት በመዘምራን ውስጥ የምታገለግል፣ ቀጭን ድምፅና ወፍራም እልህ ያላት ሴት ነበረች። አባዬ እኔ በሌለሁበት መሰላል ላይ ሆኖ «እጅ!» ሲላት፣ «እኔ እጄን የማነሳው ለጌታ ብቻ ነው» ትለውና ወጧን ማማሰሏን ትቀጥል ነበር። እሱም ከመሰላሉ ወርዶ፣ ወጡ እስኪወጣ ድረስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር። እራት በጨለማ የምንበላው አንዳንዴ በመብራት ኃይል ጥፋት፣ አንዳንዴም በእነዚህ ሁለት ሰዎች ግትርነት ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠነክር፣ እሑድ እሑድ እማዬ ወደ ጸሎት ቤቷ ስትወርድ አባዬና እኔ በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ ማርያም እንወጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተማውን ውጦት፣ ከበላዩ የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ተንሳፎ ይታይ ነበር፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከጉሙ ውስጥ አጎንብሰው ብቅ ይሉና፣ ደህና አደራችሁ ብለውን መልሰው ጉም ይሆናሉ። ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ግንድ ላይ አረፍ እንዳልን «እጅ» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት።

አባዬ ሲያወራ ቀስ ብሎ ነበር፣ ዓይኑም ጉሙ ላይ ነበር። ጄቱ ሊነሳ ሲል ሞተሩ እየጮኸ እሱ ከክንፉ ሥር ይገባል፤ ከአናቱ በላይ ቦምቡ ተሰቅሏል፣ ቦምቡ ላይም ቀይ ሪባን የታሰረበት መቆለፊያ ተሰክቷል። መቆለፊያው እስካለ ድረስ ቦምቡ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ያንን የሚነቅለው ደግሞ አባዬ ነው። በዚያች ሰዓት ፓይለቱ ካለበት ሆኖ አንዲት ማብሪያ ቢነካ ከሥር ያለው ሰው አይተርፍም፣ በጩኸቱ ምክንያትም መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ፓይለቱ ሁለት እጁን አንስቶ ያሳየዋል፣ አባዬ ከክንፉ ሥር ወጥቶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ የነቀላቸውን መቆለፊያዎች ከነሪባናቸው ከፍ አድርጎ እስኪያሳየው ድረስም አያወርድም።

«ከክንፉ ሥር ሰው ሲኖር፣ እጅ አየር ላይ ነው» አለኝ።

እኔም ጉሙ ውስጥ አየኋቸው። ጄቶቹ እንደ ከብት ተኝተው፣ ሪባናቸው በነፋስ እየተውለበለበ፣ አባዬ ከአንዱ ሥር ወደ አንዱ ሥር ጎንበስ እያለ ሲሄድ፣ ከላይም ብዙ እጆች ያለ ድምፅ ተነስተው ሲጠብቁት ይታየኝ ነበር። ከዚያ እንደማንኛውም ልጅ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ቦምቡ ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል አልኩት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጥፎ በጣቶቹ መሐል አሸው፣ አሸተተው፣ እንውረድ፣ እናትሽ ትጠብቀናለች አለኝ።

መልሱን የነገረችኝ እማዬ ናት፣ በራሷ መንገድ። አባዬ ከካምፕ ሲመጣ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ቦምቡ ሰሜን ላይ ማን ቤት እንደወደቀ አላየም፣ አለማየቱ ግን ይበልጥ እንቅልፍ ነሳው። በዚያን ሰሞን ሁለተኛ ቦምብ በእጁ እንደማይነካ መጽሐፍ ቅዱሷ ላይ እጁን ጭኖ ቃል ገባላት፣ ከዚያ ወዲህ መተኛት ጀመረ። እማዬ ከሰርጋቸው ቃል ኪዳን ይልቅ በዚህኛው ትኮራ ነበር።

በጋውን በሻምበል ጌታሁን አስታውሰዋለሁ። ሻምበል አባዬ መሣሪያ ይሰቅልላቸው የነበሩ ፓይለት ነበሩ፤ በእኔ ልጅነት ግን ከመገናኛ የሚነሳ ሚኒባስ ታክሲ ይነዱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲያቸውን ቤታችን በር ላይ አቁመው አባዬ ሊያይላቸው ከሥር ሲገባ፣ እሳቸው ጋቢና ተቀምጠው፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ እንኳ፣ ሁለት እጃቸውን ከመሪው በላይ አንስተው ይጠብቁት ነበር። አንድ ቀን በዚያ የምታልፍ ሴት ከሥር የወጡትን ሁለት እግሮችና ከላይ የተነሱትን ሁለት እጆች አይታ፣ ሰው ተዘረፈ ብላ ሰፈሩን በጩኸት ስታቀልጠው፣ ወንዶች ዱላ ይዘው መጡ። አባዬ ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆኖ ሲወጣና ሻምበል እጃቸውን ሳያወርዱ ለተሰበሰበው ሰው በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ እማዬ እንኳ ሳትወድ ሳቀች።

በልጉ ዝናብ ማብቂያ፣ ግንቦት ላይ፣ ሰሜን ላይ ጦርነት ተነሳ። ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ይዘምር ጀመር፣ የቀድሞው አየር ኃይል ባለሙያዎችም እየተጠሩ ነው ተባለ። ሻምበል በዚያ ሳምንት ያለ ታክሲያቸው በእግራቸው መጡ፤ ጫማቸው ተወልውሎ ነበር። በረንዳው ላይ ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት።

«ታዴ፣ ጠርተውኛል፣ እሄዳለሁ። ከክንፌ ሥር ማን እንዳለ ሳላውቅ ግን እጄን ለማን ላነሳ ነው?»

አባዬ ወደ እማዬ ተመለከተ። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ሻምበል፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ። እሱ ግን ቃል አለበት» አለቻቸው። ሻምበል ራሳቸውን ነቅንቀው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከባድ ነበሩ። አባዬ ምድጃ ይፈታና መልሶ ሳይገጥመው ያድራል፤ በረንዳው በሪባኑ ቀይ በቀይ ሆነ። እኔ የፈራሁት ጦርነቱን አልነበረም፣ ጦርነት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የፈራሁት አባዬ ከክንፉ ሥር ሳይወጣ አንድ የማያውቀው ሰው እጁን ያወርዳል ብዬ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ፣ ወንበሩን ብቻ ልሥራ አላት። ጄቱ ሲመታ ፓይለቱን ከነወንበሩ ወደ ውጭ የሚያስፈነጥርና በፓራሹት የሚያወርድ ወንበር አለ፤ እሱንም የሚንከባከቡት እንደ አባዬ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ከሥሩ ፈንጂ ስላለበት።

እማዬም፣ «ወንበሩ ሰው ይገድላል?» አለችው።

«ያወጣል። ሌላ ሥራ የለውም» አላት።

እሷም በማግሥቱ ልብሱን ማጠብ ጀመረች፣ ያም መልሷ ነበር።

የሄደበት ጠዋት መገናኛ ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም፤ አቧራና አደባባይ፣ ጥቂት ሱቆችም። የወታደር አውቶቡስ መጣ፣ አባዬ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ገብቶ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ፣ ሻምበልም ከኋላው። ሌሎቹ ሴቶች ያለቅሱ ነበር። እማዬ ግን አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ጸሎት ቤት እጇን ስታነሳ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ወደ ሰማይ ዘርግታ ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይኗ አባዬ ላይ ነበር፣ መዳፎቿም ወደ እሱ ዞረው ነበር፣ ልክ እኔ በርጩማዬ ላይ እንደማደርገው። አባዬ በመስኮቱ አያት። ፊቱ እንደዚያ ሲሆን ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። አውቶቡሱ ታጥፎ ከዓይናችን እስኪሰወር ድረስ አላወረደችም፤ እኔም አላወረድኩም።

ሁለት ክረምት ያለ እሱ አለፈ። መብራት ሲጠፋ በጨለማ እንቀመጥ ነበር፣ እማዬም በቀጭን ድምፅዋ ትዘምር ነበር። በሦስተኛው ክረምት መግቢያ አባዬ ከስቶ፣ ሸብቶ፣ ጆሮው ከግማሽ በላይ ደንቁሮ ዳገቱን ወጣ፤ ሻምበልም በሕይወት ነበሩ። እማዬ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ሙሉ ለብ ያለ ውኃ አምጥታ ራሷ እጁን ታስታጥበው ጀመር፣ እኔን ሳሙና አምጪ ብላ ሱቅ ላከችኝ፣ ሳሙና ግን ቤት ውስጥ ነበረ። ስመለስ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው፤ አባዬ አፉን ጆሮዋ ሥር አድርጎ ይናገር ነበር፣ እሷ ትሰማ ነበር፣ ውኃውንም ቀስ እያለች፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ታፈስለት ነበር። ወንበር ብቻ ነው ወይ የሠራኸው ብላ እኔ ፊት አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

እማዬ ካረፈች ቆየች። አባዬ አሁን ከእኔ ጋር፣ እዚሁ የካ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ይኖራል። ጉሙን እናይበት የነበረው ኮረብታ መናፈሻ ሆኖ በር ተበጅቶለታል፣ መብራት ሲጠፋም ስልክ ተደውሎ ሰው ይመጣል እንጂ መሰላል የሚወጣ የለም። ጆሮው ጭራሽ ስለተዘጋ የምንነጋገረው በእጅና በከንፈር ነው። በቅርቡ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም ልወስደው ልብሱን ሳለብሰው፣ ዓመታት ሙሉ የተሸከምኩትን ጥያቄ ከንፈሬን እያሳየሁ ጠየቅኩት፤ ወንበር ብቻ ነበር ወይ አልኩት። እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«ሰው ሲያንስ ሁሉንም ነው የምትሠሪው» አለኝ፣ ራሱን ስለማይሰማ ጮክ ብሎ። ቆይቶም፣ «እናትሽ ታውቃለች። ያስታጠበችኝ ቀን ነግሬያታለሁ። ውኃው እስኪያልቅ አልተወችኝም» አለ።

እንባዬ መጣ። እንዳያየኝ ጎንበስ ብዬ የጫማውን ክር ማሰር ጀመርኩ፤ ቀና ብዬ ስመለከት አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት መዳፎቹን ወደ እኔ አዙሮ፣ ከጆሮው በላይ አንስቷቸዋል። ያኔ ከላይ የሚሠራው እሱ፣ እጄን የማነሳው እኔ ነበርኩ። ክሩን ለማሰር ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ፤ እሱም «በቃ» እስክለው ድረስ አላወረደም።