መቁጠሪያዬን አይተው አባ ያሉኝ ሽማግሌ

ሰቆጣ ገበያ፣ አሞሌ ጨዌን ከአህያ ሳወርድ ወታደሮች ያዙኝ። ወደ አበርገሌ የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ ለሸፈቱት ሰዎች መልእክት ያደርሳል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ጨው እንጂ ወሬ አልነግድም ብል ማን ይስማኝ።

ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፣ አይጦቹ ገና አልለቀቁም። ቁልፍ በተንኳኳ ቁጥር መቁጠሪያዬን እጨብጣለሁ። የእናቴ ነው፤ እሷ ከአዲግራት በኩል የመጣች ካቶሊክ ነበረች። ሃይማኖቷን እንዳስረከበችኝ ይዤዋለሁ፤ ጥያቄ ግን አላጣም። ኃጢአት ለካህን ካልተነገረ አይፈታም የሚለው አይዋጥልኝም። እግዜር ያለ ደላላ አይሰማም ወይ ብዬ ቄሳችንን ብጠይቃቸው፣ “ደላላ ያልኸኝ የመጀመሪያው አንተ ነህ” ብለውኝ አለፉ።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ደሃና ከሚባለው አገር የመጡ ገበሬ ነበሩ። ንዳድ ይዟቸዋል። የሚፈለግባቸውን ሁላችንም እናውቃለን፦ የሸፈተው አማቻቸው የት እንደተደበቀ። መርማሪዎቹ መስቀል አስመትተው አስምለዋቸዋል፤ አላውቅም ብለው ምለዋል።

አንድ ረፋድ ሌሎቹን እስረኞች ፀሐይ እንዲሞቁ ሲያወጧቸው፣ እኔ ሽማግሌውን ውሃ ላቀምሳቸው ቀረሁ። መቁጠሪያዬን ያዝ አደረጉት።

“አባ፣ ያናዝዙኝ።”

“አያ፣ እኔ መነኩሴ አይደለሁም። ጨው ነጋዴ ነኝ።”

“ጢምዎስ?”

“ምላጭ ከልክለውኝ ነው።”

“መቁጠሪያውስ?”

“የእናቴ ነው። ካቶሊክ ነኝ፤ ከእርስዎ ቤተክርስቲያን እንኳ አይደለሁም።”

መቁጠሪያውን አልለቀቁም። “እንግዲያ ካህን የለም፣ እኔም መሞቴ ነው። ዝም ብለህ ስማኝ፣ ልጄ።”

ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ያሉኝን እዚህም አልጽፍም። ሲጨርሱ በመቁጠሪያው መስቀል ግንባራቸውን ነካሁ። ቀና ስል በበሩ ቀዳዳ አንድ ዓይን ያየናል።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው ወንበር ሰጠኝ። ያን ጊዜ ነው የባሰ የፈራሁ፤ እስከዚያ ቆሜ ነበር የምጠየቅ።

“ምን ነገረህ?”

“ታመዋል፤ ይቃዣሉ።”

“ቅዠቱን ንገረኝና ዛሬውኑ ወደ ጨውህ ተመለስ።”

እንደ ቤተክርስቲያኔ ሥርዓት ካህን ስላልነበረ ንስሐ አልነበረም፤ እንደኔ ሐሳብ ደግሞ ነገሩ በእሳቸውና በእግዜር መካከል ነው፤ ሰሚ ካህንም አያስፈልገው። በየትኛውም በኩል ምስጢሩን እንድጠብቅ የሚያስገድደኝ አልነበረም። ምላሴ ግን እንቢ አለኝ። ንስሐ የገባበት ጆሮ መቃብር ነው ትል ነበር እናቴ።

“ጌታው፣ አደራ ነው። አደራ አይሸጥም።”

“ቄስ ሆንህ እንዴ?”

“አልሆንሁም” አልሁ።

ከወንበሩ አስነሳኝ። ክረምቱን እዚያው ከረምሁ። ሽማግሌውን በማግስቱ በመኪና ወሰዷቸው፤ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

ዛሬም ለፋሲካ አዲግራት ሄጄ እናዘዛለሁ፤ ዛሬም አልተዋጠልኝም። ባለፈው ፋሲካ ያን ቀን አንስቼ ለቄሱ ነገርኋቸው።

“እሱማ ንስሐ አይደለም” አሉኝ። “አንተ ካህን አይደለህም።”

“እሺ አባ። ታዲያ ሰውየው ምን እንዳሉኝ ለምን አልጠየቁኝም?”

በመስቀላቸው ግንባሬን ነክተው፣ “በል፣ አሁን የራስህን ንገረኝ” አሉኝ።