የሳዲያ ባሕር ስንት ይይዛል?

ሳዲያን መጀመሪያ ሳውቃት፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ የነካካት መስሎኝ ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በራችን ፊት ለፊት ነው። ባሏ ከማለዲን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እሷ ሶፋ ሊቀመጥ በሚገባው ቦታ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ገትራ፣ ባሏ በሚያመጣላት የባሕር ጨው ውሃ በጥብጣ፣ ሁለት ዓሣ ታኖርበታለች። ሁለት ብቻ! ነጭ ቀበቶ የታጠቁ፣ ከጣቴ የማይበልጡ ብርቱካናማ ዓሦች።

«እኛ አምስት ሆነን ስቱዲዮ ውስጥ ተጣበን፣ ለእነዚህ ቪላ ተሰጣቸው?» አልኳት።

ሳቀች። «ዳሲቱዬ፣ የሚተነፍሱትም የሚጸዳዱትም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ባሕር ቆሻሻውን ይወስደዋል። ይሄ ወዴት ይወስደዋል?»

የሕንፃችን ፍሳሽ ተዘግቶ ያየነው አበሳ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን ሰበብ እየፈለግኩ እገባ ጀመር። የአቃቂ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ባሕር አይቼ አላውቅም። ገንዳው ውስጥ የተደረደረው ድንጋይ ላይ በዓይን የማይታይ ፍጥረት አለ፣ ቆሻሻውን የሚያጣራው እሱ ነው አለችኝ። ትልቋ ሴቷ ናት፣ እሷ ከሞተች ወንዱ ራሱ ሴት ይሆናል አለችኝ። የፈጣሪ ያለህ! አፌን ከፍቼ ስመለከት ስንት ቀን ወጥ አረረብኝ።

ባለፈው ዓመት የከማለዲን ታላቅ ወንድም ሸኪብ አዲሱን ቤታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ መጡ። እሳቸውም ሹፌር ናቸው፤ ከማለዲንን ከወሎ አምጥተው እንደ አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። «ቤት ለእምቦሳ!» ብለው ገቡ። «እምቦሳ እሰሩ!» አልናቸው። አዲስ ቤት መቼም ባዶ እጅ አይገባም። ሳዲያ ምሳ ልታቀርብ ጓዳ ስትገባ፣ ከጅቡቲ በላስቲክ ያመጧቸውን ስድስት ዓሦች ገንዳው ውስጥ ዘረገፏቸው።

«ቤትሽ ይሙላ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ሳዲያ ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ምን ትበል? የባሏ አሳዳጊ፣ ያውም የምርቃት ስጦታ። ይሉኝታ አፏን ያዘው።

በማግስቱ ውሃው ደፈረሰ። አዲሶቹ ሁለቱን ነባሮች ከድንጋያቸው አባረዋቸዋል፤ ስምንቱም ላይ ላዩን አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይለምናሉ። ከማለዲን መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። የውሃ ፈረቃችንም አልደረሰም። ለልብስ ያጠራቀምኩትን ጀሪካን ጎትቼ ወሰድኩላት፤ ጨው በጥብጠን ከቆሸሸው ላይ እየቀዳን ቀየርን።

«እነዚያ ካልወጡ ዋጋ የለውም» አለች። ለሸኪብ ደወለች።

ሸኪብ ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። «የኔ ስጦታ ነው ቤትሽን ያጠበበው?»

«ጋሼ፣ ስጦታዎን ጠልቼ አይደለም። ካልወሰዷቸው ግን ሁሉም ይሞታሉ። የእርስዎም የኔም።»

ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው መስታወቱን ተጠጉት። ቆይተው ቆይተው፣ ሳያውቁት የእሳቸውም አፍ እንደ ዓሦቹ ይከፈትና ይከደን ጀመር።

«ባልዲ አምጪ» አሉ በመጨረሻ።

ያን ቀን ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ያ ተራራ የሚያክል የሸኪብ መኪና፣ ጋቢናው ውስጥ አንድ ባልዲ በወንበር ቀበቶ ታስሮ፣ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ አረፋ እያስነሳበት፣ ስድስት ዓሣ ወደ ሻጫቸው ሊመልስ ጅቡቲ ወረደ። ሸኪብ ጉድጓድ ባዩ ቁጥር ፍሬን ይይዙ እንደነበር ረዳታቸው ኋላ ነግሮናል።

ከጅቡቲ ሲደውሉ እኔም ሳዲያ ጋ ነበርኩ። «ደርሰዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ሰውዬው ሰፊ ገንዳ ውስጥ ከተታቸው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያንቺዎቹስ፣ ልጄ፣ ይተነፍሳሉ?»

«ይተነፍሳሉ፣ ጋሼ» አለች ሳዲያ፤ ያን ሁሉ ጭንቅ ዓይኗ ሳይረጥብ የቻለችው ሴት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።