ለሐኪሙ የተረጎምኩት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለማላውቅህ ለአንተ መንገሩ ለምን እንደቀለለኝ እንጃ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። አሮጌ የመኪና ባትሪ ከሚያቀልጥ ፋብሪካ የተረፈውን ዝቃጭ በጆንያ ጭኜ ጅቡቲ ወደብ አደርስ ነበር። አመድ ይመስላል፤ ከከሰል ጋር እንደገና ሲቀልጥ ግን እርሳስ ይወጣዋል። ጅቡቲ ከተማ መግቢያ፣ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ፔካ 12 ላይ ጥቂት ጆንያ ሰርቄ ለአስካለ እሰጣት ነበር።

አስካለ ያገሬ ልጅ ናት። ሀራሙስ በሚባለው የጅቡቲ ሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ አርግዛ ተባረረች። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው የድሆች ሰፈር በተከራየችው ግቢ፣ በተቆረጠ በርሜል ዝቃጩን ታቀልጥ ነበር፤ እርሳሱን ዓሣ አጥማጆች ለመረባቸው ማስጠሚያ ይገዟት ነበር። ያገኘነውን እንካፈል ነበር።

መርዝ መሆኑን አውቅ ነበር። የፋብሪካው ጫኞች ነግረውኛል። እኔ ራሴ አፍንጫዬን ሳልሸፍን ጆንያውን አልነካም፤ ልብሴን ሳልቀይር ልጆቼን አላቅፍም። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ለምን? ብነግራት ትተወዋለች ብዬ ነው።

አንድ ቀን ስደርስ ልጇ ሜሮን መሬት ላይ ትንፈራገጣለች፤ ዐይኗ ተገልብጧል። አቅፌ ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው፤ አስካለ አትሰማም፣ እኔ ከወደብ ለምጄዋለሁ።

«እቤታቸው ባትሪ ወይም እርሳስ የሚያቀልጥ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?» አለች አስካለ።

«ትኩሳት ነበራት ወይ ነው የሚሉሽ።»

«ትናንት አተኩሷት ነበር፤ ይንገሩልኝ።»

እኔም ለሐኪሙ፣ «የለም» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? ልጅቷ እዚያው ፊቴ ተዘርግታ? መልሼ «አለ» ማለት አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። የሰረቅኩት ጆንያ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ። ትናንት አተኩሷት እንደነበር ብቻ ነገርኩት። የትኩሳት መድኃኒት ተሰጠን፤ እናትና ልጅን ወደዚያው ግቢ መልሼ አደረስኳቸው።

ሜሮን እንደገና ስትወድቅ ሌላ ሐኪም ደሟን አስመርምሮ የእርሳስ መርዝ መሆኑን ደረሰበት። ነፍሷ ተረፈች፤ አፏን ፈትታ ታወራ የነበረችው ልጅ ግን ዛሬ እናቷን እንኳ በስሟ አትጠራም።

አስካለ ደረቷን እየደቃች፣ «በገዛ እጄ፣ በገዛ እጄ» ስትል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። «አንቺ በምን አውቀሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እርስዎስ ቢሆኑ ጋሼ፣ በምን ያውቃሉ» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ማረኝ አልልህም። ጥፋቱን ሁሉ የራሷ አድርጋ ትኖራለች፤ እኔም እያየሁ ተሸከሚው ብዬ ትቻታለሁ።