ሰው የሚመዘንበት አውሮፕላን

ሴቷ ልጄ ያገባችው ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ዳር እስከ ዳሩ በእግር ይዘለቃል፤ እኔ እንኳ ጉልበቴን እያሸሁ ዞሬዋለሁ። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ከላስ ቬጋስ ተነሳሁ። አጠገቧ ሌላ ዘመድ የላትም፤ ብቻዋን ልታምጥ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ሻንጣውን ለአራስ በሚሆን የገብስ ዱቄትና በቅቤ ሞላሁት። ኪሎው እንዳያልፍብኝ ልብሱን እላዬ ላይ ደራረብኩት፤ ቀሚስ በቀሚስ፣ ሹራብ፣ በላዩ ጋቢ። የኛ ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምትሄደው፤ ሰውን ማን ይመዝናል? ወንዱ ልጄ ኤርፖርት ሲያደርሰኝ፣ «እማዬ፣ ጥቅል ጎመን መሰልሽ» ብሎ ስቆብኝ ወደ ሺፍቱ ሮጠ።

ደሴቲቱ ያን ጊዜ የነበራት ማረፊያ አጭር የሣር ሜዳ ነው። ፍየል ይግጥበታል፤ ትልቅ አውሮፕላን አይችልም። ስለዚህ መንገድ ላይ ቀይሬ የተሳፈርኩባት የመጨረሻዋ አውሮፕላን ሚኒባስ የምታህል ነበረች። ሠራተኛው ሻንጣዬን መዘነና እኔንም ወደ ሚዛኑ ጠቆመኝ። አልገባኝም። ለወንዱ ልጄ ደውዬ ስልኩን ለሠራተኛው ሰጠሁት።

«እማዬ፣ አንቺም ሚዛኑ ላይ ውጪ ነው የሚለው።»

«እኔ በግ ነኝ እንዴ?»

«አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፣ ሰውም ይመዘናል።»

ወጣሁ። ከበድኩ። ሻንጣውን አልተውም ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና አንድ አንዱን አወልቅ ጀመር። ጋቢውም ሹራቡም እዚያው ቀሩ። ተሳፈርን፤ ግን ደሴቲቱ ላይ ነፋስ ነበረና ሜዳው አላሳርፍ ብሎን ተመለስን። በማግስቱ ስደርስ ልጁ ተወልዷል። ልጄ ሕፃኑን አንስታ አሳቀፈችኝ። አለመውቀሷ ባሰብኝ።

ከዚያ በሄድኩ ቁጥር ማረፊያው ይለወጣል። አንዴ አጥር ታጥሮ ፍየሎቹ ወጡ። አንዴ የቆርቆሮው ዳስ ፈርሶ የድንጋይ ቤት ተሠራ፣ ውስጡ ማራገቢያ ሳይቀር። ሣሩም አስፋልት ሆነና እስከ ባሕሩ ድረስ ረዘመ።

ዘንድሮ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ስትል በትልቅ አውሮፕላን ሄድኩ። ሚዛን ላይ ውጪ ያለኝ የለም። ልንደርስ ስንል ነፋሱ ያንገጫግጨን ጀመር፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዘንድሮም ልንመለስ ነው አልኩ። ጎማው መሬት ሲነካ ነው የገለጥኩት።

ልጄ ሆዷን በእጇ ደግፋ የማረፊያው በር ላይ ቆማለች።

«ገና ነው እማዬ። አንቺን ነው መሰለኝ የሚጠብቀው።»

ሆዷን ዳሰስኩት። ውስጡ ያለው ተገላበጠ። ሻንጣዬን አጋድሜ እላዩ ላይ ዘፍ አልኩ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ደረስኩ» አልኳት።