አስቀድሞ የተለቀሰ ለቅሶ

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ ውስጥ ቀብር ሲያልፍ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ባለሱቆችም ከየደጃፋቸው ወጥተው ቆሙ። የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን ብቻ መጮኹን አላቆመም። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታው ሲደርሰኝ አንድ የልጅነቴ ጠዋት ትዝ አለኝ፤ ንዴቱም አብሮ መጣ።

እናቴ እዚያ ሳንቃ ትሸከም ነበር። የሥራ ጓደኛዋ እትዬ ጥሩ ወንድማቸውን ለመቅበር ከሥራ ቢቀሩ የመሰንጠቂያው ባለቤት አባረራቸው። በማግስቱ ሠራተኞቹ በሙሉ ሥራ አቁመው በሩ ላይ መሬት ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው። እኔ እናቴ ሥር ተሸጉጬ ነበር።

ባለቤቱ ደንግጦ ከመኪናው ወረደና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

መጋዙን የሚያንቀሳቅሱት ሽማግሌ፣ ጋሽ ይርዳው፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ መለሱለት።

«ገና ማንም አልሞተም ጌታዬ። እርስዎ የሞቱ ዕለት ግን ፈቃድ ስለማናገኝ፣ ከወዲሁ እያለቀስንልዎ ነው።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሰውዬው ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «ነገ ያልገባ፣ ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳላየው!» ብሎ ሄደ። እትዬ ጥሩ ወደዚያ ግቢ አልተመለሱም።

«እነዚህ ሰው አይሞትባቸውም እንዴ?» አለ የባጃጁ ሾፌር፣ ማሽኑን እየሰማ።

ወረድኩና ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፤ ፊቴን ግን ወደ ሬሳው ሳይሆን ወደ መሰንጠቂያው በር አዙሬ።